የጋሼ እጅ

ቁም ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ብሩሹ ከጣቱ አልወደቀም፤ ከንፈሩ ላይ ጥቁር ቀለም ነበር። ከፊቱ በተወጠረው ነጭ ሐር ላይ የአንድ ሽቶ ቤት ስም እስከ ግማሹ ተጽፏል። ሐኪሙ ቀለሙ ውስጥ መርዝ እንዳለ ተናገረ።

ሻምበሉ ለምርመራ ሲደርሱ ፖሊሶቹ ማስታወቂያ ሠዓሊውን ይዘውታል። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሲፈተሽ የአይጥ መርዝ ተገኘበት። ጸሐፊውን «እጁን ይቁረጠው» እያለ ሲራገም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ምክንያቱም የታወቀ ነው። የጸሐፊው ታናሽ ወንድም ያንን ቀጭን፣ ጅራቱ እንደ ሐረግ የሚጠመዘዝ የእጅ ጽሕፈት ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ፎንት አደረገው። ጸሐፊውን ሰው ሁሉ ጋሼ ስለሚለው ፎንቱም «የጋሼ እጅ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሠርግ ጥሪው፣ የኬክ ቤቱ መስኮት፣ የሽቶው ብልቃጥ ሁሉ በእሱ ሆነ፤ ሠዓሊውን የሚጠራ ጠፋ።

«ጠላሁት እንጂ አልገደልኩትም» አለ ሠዓሊው። «እንደሱ መጻፍ ብችል ኖሮማ እወደው ነበር።»

የሟች ሚስት ባሏ የብሩሹን ጫፍ በምላሱ እያሾለ እንደሚጽፍ፣ ተው ብትለው እንደማይሰማ፣ ይህንንም የማያውቅ ጎረቤት እንደሌለ ነገረቻቸው። ፎንቱ ከወጣ በኋላ ግን ብሩሽ ነክቶ አያውቅም።

«ታዲያ አሁን ምን አስነካው፣ እህቴ?»

«ወንድሙ ነዋ። ማተሚያው ሐር አይቀበልም፣ ያኝከዋል፣ በእጅህ ጻፈው አለው።»

ወንድምየው ሲጠየቅ አለቀሰ። የሥራ ክፍሉ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በፊደል ንድፍ ተሸፍኗል። ሻምበሉ ብዙ ደክመሃል አሉት። ዓይኑ እስኪፈዝ እንደሣለ፣ ሰው ግን የሚያመሰግነው ጋሼን እንደሆነ ፈገግ እያለ ነገራቸው።

ሻምበሉ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰቡ። ከሐሩ የተረፈውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጥፈው ማተሚያው ውስጥ አስገቡት። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ብሩሽ እንደሚልስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አሉ። «መርዝም የትም ይገኛል። ግን ማንም በማይነካው ቀለም ውስጥ መርዝ አይጨመርም። ገዳዩ ብሩሹን መልሶ እንደሚይዝ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ሠዓሊው ይህን ከመንገድ ማዶ ሆኖ ከየት ያውቃል? ብሩሹን ያስያዝከው አንተ ነህ፤ ያስያዝከውም በውሸት ነው።»

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እያንዳንዱን ኩርባ የሣልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሰዎቹ ግን የጋሼ እጅ አሉት።»

«ባሌ እኮ» አለች የሟች ሚስት፣ «ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የወንድሜ ሥራ ነው ይል ነበር። ሰው ትሕትና መሰለው እንጂ።»

ሠዓሊው ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ፤ ይቅርታ የጠየቀው የለም። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ወንድምየው እጁን አላየም። ዓይኑን ከወንድሙ ሚስት ሳይነቅል፣

«ለእነማን ነው የነገራቸው?» አላት።