ያላቃጠለው ክኒን

ዶክተሩ ያን ዕለት ጠዋት እንደወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። እጀታው እንጨት በሆነ ብሩሽ ጥርሱን አጠበ። ሚስቱ የተኮሰችለትን የጥጥ ሸሚዝ ለበሰ። ታላቅ እኅቱ ሁለት እንቁላል ቀቅላ አቀረበችለት፤ አንዱን በላና ሌላውን «ድንጋይ አደረግሽው» ብሎ ገፋው። አሮጌው የልብ ክኒኑ ስላለቀ አዲሱን ብልቃጥ ከመሳቢያ አውጥቶ ደረት ኪሱ ከተተ፤ ከዚያም ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። አራት ሰዓት ላይ እዚያው ወለሉ ላይ ተዘርሮ ሞተ።

ሥራው ከሰው ደም ሥር በቀዶ ጥገና የወጣ የተጋገረ ስብ እየመረመረ ደቃቅ ፕላስቲክ መፈለግ ነበር። ፕላስቲክ የተገኘበት ሰው ልቡ ቶሎ ይከዳዋል ባይ ነበር። የራሱም ልብ ደካማ ስለነበር ፕላስቲክ የተባለ ነገር ከቤቱ ጠራርጎ አስወጥቷል።

ባልደረቦቹ «ጆሮ» የሚሉት መርማሪ ጉዳዩን ሲረከብ፣ የዶክተሩ ረዳት ከታሰረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሲሞት ብቻዋን አብራው ነበረች፤ ክኒኑን ያቀበለችውም እሷ ናት። ሌላ ሰው ካልተገኘ በማግስቱ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

«ስሜን ከጥናቱ ስለሰረዘው ሰድቤዋለሁ» አለች ረዳቷ። «ግን ሰው በስድብ ይሞታል?»

«በስድብማ ቢሞት እኔ ስንቴ በተቀበርኩ። ምን ሆነ?»

«ደረቱን ያዘ። ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቼ ሰጠሁት። አንድ ክኒን ከምላሱ ሥር አደረገ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ‹አያቃጥልም እኮ!› እያለ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።»

«ማቃጠል ነበረበት?»

«ሁልጊዜ ምላሱን ለብለብ ያደርገው ነበር። ከዚያ ይሻለዋል። ያን ቀን ግን ጠመኔ የሚልስ ነው የሚመስለው። እርዳታ ጠራሁ፤ ሲደርሱ አልቆ ነበር።»

ክኒኖቹ ተመረመሩ። እውነተኛ ናቸው፤ ጊዜያቸውም አላለፈም። ግን ኃይላቸው ተሟጧል፤ ላያቸው ላይም ከዱቄት የላመ ሰማያዊ የፕላስቲክ ብናኝ ተገኝቷል። ከሟቹ ኪስ ደግሞ የብልቃጡ አፍ መወተፊያ ጥጥ ወጣ። የፋብሪካ ጥጥ ልል ነው፤ ይህ ግን እንደ ሽምብራ ጠጥሮ ተጠቅልሏል። መርማሪው ጥጡን ሲያገላብጥ ቆይቶ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ።

ሚስትየው የተሰበረ ብርጭቆ ጣቷን ቆርጧት ደሟ ይንጠባጠባል። አፏ ግን አላረፈም።

«ያቺ እባብ ደጄን ረግጣ ሳታውቅ ቤቴን አፈረሰችው!»

«ብልቃጡን ማን ገዛው?»

«እኔ፣ የዛሬ ወር። እስከዚያ ጠዋት ከመሳቢያ አልወጣም። ምነው፣ ጊዜው አልፎበታል እንዴ?»

«እጅሽን አታወራጪ፣ የኔ እመቤት» አለች የሟቹ እኅት። ጥጥ ቀደደች፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ጥቅልል አድርጋ አጠጠረችውና ቁስሉ ላይ ጫነችው።

«እጅዎ ለምዷል፣ እትዬ» አለ መርማሪው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ነበርኩ፣ ልጄ። እጅ ጡረታ አይወጣም።»

ክፍሏን እንድታሳየው ጠየቃት። የወንድሟ ሕግ እሷ በር ላይ ያበቃ ነበር፤ የፕላስቲክ ማበጠሪያ፣ የፕላስቲክ ጣሳ፣ ሰባት ክፍል ያለው ሰማያዊ የክኒን ሳጥን።

«ሳጥኑ የማን ነው?»

«የባሌ። ከሞተ ዘጠኝ ወሩ።»

መደርደሪያው አቧራ ጠጥቷል፤ ሳጥኑ ግን ታጥቦ ያበራል። መርማሪው አንሥቶ ያዘው። ይዞትም ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን ሴቶች ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰባቸው። ረዳቷ በካቴና ነበረች።

«ይህ መድኃኒት ከመስታወት ብልቃጥ አይወጣም» አለ። «ፕላስቲክ ውስጥ ከሰነበተ ፕላስቲኩ ኃይሉን ይመጠዋል። ክኒኑ መልኩ ሳይለወጥ ባዶ ይሆናል። አንድ ሰው አዲሱን ብልቃጥ ከፍቶ ክኒኖቹን ለሳምንታት ፕላስቲክ ውስጥ አቆየ፤ ከዚያ መልሶ ጥጡን ወተፈበት።»

«እሷ ናታ! ኬሚስት አይደለች?» አለች ሚስት።

«ብልቃጡ ከቤትሽ አልወጣም፤ እሷ ደጅሽን አልረገጠችም። ሁለቱንም የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ እኔ ልሆን ነው?»

«ጥጡን የጠቀለለው የነርስ እጅ ነው። ሳጥኑም ታጥቧል፤ ግን ፕላስቲክ የመጠጠውን በውኃ አይለቅም። ሲመረመር ከሳጥኑ ግድግዳ መድኃኒቱ ወጥቷል። ብናኙም የዚሁ ሳጥን ነው።»

ሚስትየው ወደ እኅትየው ዞረች። «እታለም? በአንቀልባ አዝለሽ ያሳደግሽውን?»

መርማሪው ከዶክተሩ ጠረጴዛ ያገኘውን ማስታወሻ ደብተር ገልጦ አነበበ፦ «‹አሥራ ሰባተኛ ሰው። የእኅቴ ባል። ሃያ ሁለት ዓመት ፕላስቲክ ማቅለጫ ላይ የሠራ። ከቀኝ አንገቱ የወጣው ስብ ፕላስቲክ ሞልቶታል። የግራው ወጥቶ እስኪወዳደር ሥራ እንዲለቅ አይነገረው።›»

«ጋዋኑን ላጥብ ስል ከኪሱ አግኝቼ አነበብኩት፤ መልሼም ከተትኩት» አለች እኅትየው፤ ድምፅዋ አልተሰበረም። «ባሌ ‹ሥራዬን ልተው ወይ?› ብሎ ጠይቆት ነበር። ‹ወንድ አይደለህ እንዴ› ብሎ ሳቀበት። ከቀበርነው በኋላ ደግሞ ማዕድ ላይ ‹ጀሪካኑ› ይለው ነበር። አንቺም ሳቅሽ። እኔም ስቄያለሁ።»

ሚስትየው የታሰረ ጣቷ ላይ አቀረቀረች።

«ስንት ክኒን ወሰደ?» ስትል እኅትየው ረዳቷን ጠየቀች።

«ሦስት።»

«ባሌ ደረቱን በያዘ ዕለት ከምላሱ ሥር የሚያደርገው አንድም አልነበረው።»

ካቴናው ከረዳቷ እጅ ወልቆ ወደ እሷ እጅ ገባ። አልተከላከለችም። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ከአንገቱ የወጣውን ስጡኝ። ዘመዶቼ መቃብሩ ውስጥ ይጨምሩልኛል።»

ረዳቷ ካቴና የበላው እጇን እያሻሸች መለሰች። «እትዬ፣ ስቡን እናሟሟዋለን። የሚቀረው ፕላስቲኩ ብቻ ነው።»

«እሱንስ?»

«ዓይነቱን ለመለየት ይቃጠላል። ዶክተሩ ራሱ አቃጠለው።»

እኅትየው ወጣች። ከሰው የወጣው ስብ የተቀመጠባቸው ብልቃጦች በየቁጥራቸው መደርደሪያው ላይ ቆመዋል። አሥራ ስድስት አለ፤ አሥራ ስምንት አለ። አሥራ ሰባት የለም።