ቡናማው ፓፍ

«ከዛሬ ጀምሮ ይኼ ነገር አፍሽ እንዳይገባ!» የሀናን እናት ቡናማውን የአስም ፓፍ ከትንሿ ልጃቸው ከነሲባ እጅ ነጥቀው ወደ ሱቃቸው ጥግ ወረወሩት። «ስቴሮይድ ነው ምን ነው ይሉታል። እህትሽን መቼ አዳናት?»

እሌኒ ከባንኮኒው አጠገብ ደብተሯን እንዳቀፈች ቀረች። ሀናን ከሞተች ሃያ ቀኗ ነው። እሷና ሀናን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት።

ሁለቱም እህትማማቾች አስም አለባቸው። ሐኪሙ ለየራሳቸው ሁለት ሁለት ፓፍ ሰጥቷቸው ነበር፤ ሰማያዊው ሲያፍናቸው የሚሳብ፣ ቡናማው ግን ደህና ቢሆኑም ጠዋትና ማታ። «የመተንፈሻ ቧንቧችሁ እንዳያብጥ የሚጠብቃችሁ ይኼ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ አትፍሩት» ብሏቸው ነበር።

ሀናን ግን ፈራችው። ክፍል ውስጥ አንዷ «ስቴሮይድ እኮ ፊት ያሳብጣል፤ ጉንጭሽን አላየሽውም?» ብላ ሳቀችባት። ከዚያ ወዲያ ቡናማውን አየር ላይ እየረጨች ትጨርሰው ጀመር። አንድ ቀን እሌኒ አየቻት።

«ለእማዬ እንዳትነግሪ። ማርያምን በይ!»

«ማርያምን» አለች እሌኒ።

ሁለት ወር አለፈ። የሊማሊሞ ብርድ በጠናበት በዚያ ቀን ሀናን ሰማያዊውን ደጋግማ ብትስበውም አፈናው አልለቀቃትም። ባጃጁ ሆስፒታል በር ሳይደርስ እናቷ ክንድ ላይ ፀጥ አለች።

አሁን ነሲባ አሳላት። ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«እትዬ» አለች እሌኒ። «ሀናን ቡናማውን ትታው ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ፊቴን ያሳብጠዋል ብላ እየረጨች ነበር የምትጨርሰው። እንዳልነግርዎት ምዬላት ነበር።»

ሴትዮዋ አፍጥጠው አዩዋት። «አንቺ… እዚህ ቤት እየገባሽ፣ ከእኛ ጋር እየበላሽ…» አልጨረሱትም። «ውጪልኝ፣ ልጄ። አሁን ውጪልኝ።»

እሌኒ ወጣች። ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ነሲባ፣ ቡናማውን አንሽው» አሉ እናትየው ከውስጥ። «ሐኪሙ ስንቴ ነበር ያለሽ?»

«ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ።»

«ሳቢው። እያየሁሽ ሳቢው።»

ከዚያ ለቅሷቸው ተሰማ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ የሀናንን ስም እየጠሩ። ጎረቤቶች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። እሌኒ ገብታ ልታባብላቸው አልደፈረችም፤ ጥላቸው መሄድም አልቻለችም። ደብተሯን መሬት ላይ አስቀምጣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።