ካርታ ላይ የሌለው ገመድ

አክረም ቦዩ ውስጥ ተንበርክኮ ሞተ። ድጅኖውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀርቷል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቋቸው።

ሳጅን ዳምጤ ቦታውን አየ። የኢንተርኔት ፋይበሩ ቦይ በኖራ ከተሰመረው ምልክት አልወጣም። ከድጅኖው ጫፍ ስር ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ ተጋድሟል። አሁን ኃይል የለውም።

«የእኛ አይደለም» አለ የመብራት ሠራተኛው ካርታውን ዘርግቶ። «እዚህ ምንም አልቀበርንም።»

ፎርማኑ ዋሲሁን ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል፦ ሟች ሳይጠይቅ ቆፍሮ፣ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ሞተ።

የአክረም እናት ረዲያ ከሂርና በሚኒባስ ጭሮ ደረሰች። ወረቀቱን አንብባ መለሰችው።

«ልጄ ሳይጠይቅ አይቆፍርም። ይህን ሥራ ከያዘ እንቅልፍ የለኝም። በየማለዳው እየደወልኩ ‹የመሬቱን ባለቤት ሦስት ጊዜ ጠይቅ፤ ሰው ይረሳል› እለዋለሁ። ይስቅብኛል፤ ግን ያደርገዋል። ወረቀቱ እንዲህ እያለ ሂርና አልመለስም።»

ዳምጤ ዋሲሁንን ጠራው።

«ሲሞት የት ነበርክ?»

«ወዲያኛው ጫፍ፣ ኬብል ሳስወርድ። ሃያ ሰው አይቶኛል።»

«ታዲያ አለመጠየቁን በምን አወቅህ?»

«ጠይቆ ቢሆን ይሞት ነበር?»

የሃያው ሰው ምስክርነት እውነት ነበር። ዳምጤ ፎርማኑን ትቶ ገመዱ የማን እንደሆነ ለማወቅ በየቤቱ ዞረ። መብራት የጠፋበት የለም።

ከቦዩ ባሻገር፣ በጫት ነጋዴው በዓሊዩ ማሳ፣ ዑሙልኸይር ጫት ትለቅማለች።

«ቆፋሪዎቹ ሲጮሁ ሰማሁ» አለች። «የጫቱ ውሃ እየፈሰሰ ነበር። ቆይቶ ቆይቶ ቆመ። ጋሽ ዓሊዩ ‹ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ› አሉ። እኔ እዚህ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የጄኔሬተር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።»

ዳምጤ የጄኔሬተሩን ክዳን ከፈተ። ውስጡ ሸረሪት አድርቶበታል። ከቦዩ ወዲህ ባለው የዓሊዩ ቤት ግድግዳ ግርጌ ደግሞ አዲስ ሲሚንቶ አለ። በቁልፉ ወጋው፤ አልደረቀም። ከውስጡ የተቆረጠ ጥቁር ገመድ ወጣ።

ዓሊዩ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ቆጣሪ ሳይቆጥር ፓምፑን አንቀሳቅስበታለሁ። ብናገር ያስሩኛል።»

«ሲጮሁ ማጥፊያው የት ነበር?»

«እጄ ስር።»

«ለምን አላጠፉትም?»

«ውሃው ያኔ ቢቆም ሰው ይነቃብኛል ብዬ ነው። ጩኸቱ ዝም እስኪል ጠበቅኩ።»

ረዲያ ሳጅኑን ተከትላ መጥታ ከበሩ ቆማ ትሰማለች።

«ልጄ ጠይቆዎት ነበር?»

«ጠይቆኛል። ምንም የለም አልኩት።»

«ስንት ጊዜ?»

ዓሊዩ ቀና አላለም።

«ሦስት። በሦስተኛው ‹እናቴን ለማረጋጋት ነው አባ፤ አይቀየሙኝ› ብሎኝ ወረደ።»

ረዲያ ወደ ሳጅኑ ዞረች።

«ሦስት ጊዜ ተብሎ ይጻፍ» አለች።