ኦዴል ሬይኒ ሐሳቡን የለወጠበት ዓርብ

አስከሬኑ በሐይቁ ዳር ካምፕ፣ ሦስተኛው ጎጆ ውስጥ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ነርስ ማርሴላ ዱፕሪ አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። የአውራጃው የአሟሟት መርማሪ ኧርነስቲን ክራውደር ስትገባ እንኳ አልተነሣችም።

«ብቻውን አልተውኩትም» አለች። «አምቡላንሱ የደረሰው ነፍሱ ከወጣች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ በር ያለፈ የለም፤ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

ኦዴል ሬይኒ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ ከኤች አይ ቪ ጋር ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ኖሯል። የግዛቲቱ የኤች አይ ቪ መከላከልና እንክብካቤ ዕቅድ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ኮሚቴው ምርመራው የት ይሰጥ፣ መድኃኒቱ ለማን በምን ይድረስ፣ ክሊኒክ የሌለው ገጠር ምን ይሁን እያለ ዓመቱን ሙሉ ይከራከራል። በዚያ የግንቦት ቅዳሜ ካምፑ ውስጥ የነበሩት የዕቅዱ አርቃቂዎች ማርሴላን ጨምሮ አምስት ናቸው። አሁን አራት ሆነዋል።

ሸሪፉ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል።

«ሚስ ኧርነስቲን፣ ይሄ ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ሰውየው እኮ ኤድስ ነበረበት።»

«አንተስ ስኳር አለብህ» አለችው። «ነገ መኪና ቢገጭህ ስኳር ገደለው ብዬ ልፈርም?»

ኧርነስቲን ጎንበስ ብላ የሟቹን ሸሚዝ ከፈተች። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ቀይ ሽፍታ ወርሶታል።

«ባለፈው ወር በምርመራ ቫይረሱ ደሙ ውስጥ አልታየም» አለች ማርሴላ። «ከእኔ ይልቅ እሱ ጤነኛ ነበር። በአንድ ሰዓት ቁርሱን በላ፣ ክኒኑን ዋጠ። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ሲጀመር ይንቀጠቀጥ ጀመር። አተኮሰው፤ አስመለሰው፤ ትንፋሽ አጠረው። አምስት ሰዓት ላይ አለፈ።»

ከሸሚዙ ኪስ ሰባት ክፍል ያለው የክኒን ሣጥን ወጣ። የቅዳሜው ክፍል ባዶ ነው። የእሁዱን ስትከፍተው ሁለት ለስላሳ እንክብሎች እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ከጎናቸው አንድ ቢጫ ክኒን አገኘች። ማርሴላ አንገቷን አስግጋ አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይሄ ቢጫው የእሱ አይደለም።»

«የእሱስ ምን ይመስል ነበር?»

«ያም ቢጫ ነበር፤ ግን ሌላ ነው። ይሄኛውን የዛሬ ሁለት ዓመት ጀምሮት ሰውነቱ ስላልተቀበለው አቆመ። አንዴ ያሳመመው ሰው ዳግመኛ ከዋጠው በሰዓታት ይገድለዋል። ማስጠንቀቂያ ካርድ ተሰጥቶት በኪስ ቦርሳው ይዞ ይዞር ነበር። በየስብሰባው እያወጣ ያሳየናል፤ ‹ከመንጃ ፈቃዴ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው› ይል ነበር።»

ኧርነስቲን የኪስ ቦርሳውን ከጠረጴዛው አንሥታ ፈተሸች። መንጃ ፈቃዱ፣ የእህቱ ፎቶ፣ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ አለ። ካርዱ የለም።

«ሣጥኑን ማን ሞላለት?»

«ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ድሮ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ጣቶቹን አደንዝዘውታል፤ አንድ ዓይኑም አያይም። ትናንት ግን ጎርፉ ድልድዩን ዘግቶብኝ የደረስኩት ከራት በኋላ ነው። ‹ተሞልቶልኛል፣ አንቺ ዕረፊ› አለኝ።» የአልጋውን ልብስ አስተካከለች። «ማን እንደሞላለት አልጠየቅኩም።»

*

ሎኒ ቢዝሊ የመኪና ማቆሚያው አጠገብ ሲጋራ ያጨሳል። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ወንድ የሚወድ መሆኑን ካወቁ ጀምሮ የትውልድ መንደሩ ሰዎች ዓይንህን አንይ ብለውታል። እሱም ቫይረሱ በደሙ አለ።

«ትናንት ከኦዴል ጋር ስትጯጯሁ ተሰምታችኋል» አለችው ኧርነስቲን።

«ተጯጩኸናል። ‹አንተ ሽማግሌ፣ ሞተህ ብትገላግለን› ብዬዋለሁ። እኔ ሳልነግርሽ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በመዝገቡ። ዕቅዱ ላይ የየክሊኒኩ የስም ዝርዝር አንድ ላይ ተጠቃልሎ ኮሚቴው ዘንድ ይቀመጥ የሚል አለ። እኔ ሁለት ዓመት አይሆንም ስል፣ ኦዴል ሁለት ዓመት ‹ሰው ካልተቆጠረ መድኃኒት አይላክለትም› ሲለኝ ኖረ። ትናንት ድንገት ተነሥቶ ‹እኔም እቃወማለሁ› አይልም? ለምን ስለው ‹እሁድ ትሰማለህ› ብሎ ዘጋኝ። ሁለት ዓመት ካደረቀኝ በኋላ! አናደደኝ።»

«ይህን ቢጫ ክኒን ታውቀዋለህ?»

ዘንበል ብሎ አየና አላቅማማም። «በየቀኑ የምውጠውን እንዴት አላውቀውም? ጠርሙሴ ኩሽና ማቀዝቀዣ ውስጥ ቅቤው አጠገብ ነው፤ ሂጂና እዪው።»

«ክኒን ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?»

«እሱ እንኳ አያስፈልገውም፤ ከለስላሳዎቹ ጋር አብሬ አስቀምጬው ነው። ለስላሳዎቹ በዚህ ሙቀት ሣጥን ውስጥ ካደሩ እንደ ከረሜላ ይጣበቃሉ። የሚውጣቸው ሁሉ ያውቃል። ማርሴላማ ለኦዴል ጠዋት ጠዋት ከማቀዝቀዣ አውጥታ በእጁ ነበር የምትሰጠው።» ሲጋራውን ረገጠና ቀና አለ። «ምነው? የተጣበቀ አገኘሽ እንዴ?»

ኧርነስቲን ክኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች።

የኮሚቴው መዝገብ ያዥ ሃርላን ቬስት ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ወረቀት ሲያስተካክል አገኘችው። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቷል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው ሰው የለም።

«የኪስ ቦርሳውን ማን ነበር የያዘው?»

«እኔ ነኝ። ሲወድቅ የእህቱን ስልክ ቁጥር ፈለግኩበት፤ ከዚያ እንዲደውሉላት ቁጥሩን ለፓስተር ጌይንስ ሰጠኋቸው።»

«የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ካርድ አይተሃል?»

«አላየሁም። ምናልባት ቤቱ ረስቶት ይሆናል።»

«ሣጥኑንስ ማን እንደሞላለት ታውቃለህ?»

«ማርሴላ መሰለችኝ። እኔ የክኒኑን ነገር ተይኝ፤ ቁጥር እንጂ ሌላ አላውቅም። ደርድረሽ ብታሳዪኝ አንዱን ከአንዱ አልለየውም።»

ፓስተር ሉሺየስ ጌይንስ ደጃፉ ላይ በሚወዛወዝ ወንበር ተቀምጠው በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ ይጠጣሉ። ብርጭቆው የተሞላው እስከ ግማሽ ነው፤ እሱንም በሁለት እጃቸው ይዘውት በረዶው ያለማቋረጥ ይንኳኳል።

«አየሽው ልጄ?» አሉ ዓይኗን ተከትለው። «ዘንድሮ ቁርባን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያቀብልልኝ።»

«የሟቾችን መድኃኒት ይሰበስባሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። የሚወዱት ሰው ሲሞትባቸው የተረፈውን ይዘው ይመጣሉ፤ መጣሉ ያንገበግባቸዋል። ሄይቲ ላለ ክሊኒክ እልከዋለሁ። ሕግ ፈቅዶልኛል ብዬ አልዋሽሽም።» ከወንበሩ ሥር አንድ የሸራ ቦርሳ በእግራቸው ገፉላት። «እዪው። ያልቆለፍኩበት ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቦርሳው ውስጥ ጠርሙሶች፣ ምንም ስም ያልተጻፈባቸው የላስቲክ ከረጢቶችና በጥንቃቄ የተጻፈ ዝርዝር አሉ። ዝርዝሩ እያንዳንዱን ከረጢት ለይቶ የውስጡን መድኃኒት በስሙ ይጠራል፤ ከከረጢቶቹ በአንዱ ውስጥ ያው ቢጫ ክኒን አለ።

«ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው?»

«የእኔማ ዶሮ የጫረው ሆኗል። ሃርላን ነው ትናንት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የለቀመልኝ፤ እግዜር ይስጠው።»

ዝርዝሩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ስልክ ፍለጋ ወደ ካምፑ ቢሮ ሄደች። መጀመሪያ የደወለችው ለኦዴል እህት ነው። እህቲቱ ብዙ አለቀሰች፤ ትንሽ ስትረጋጋ አንድ ነገር ተናገረች። ረቡዕ ዕለት ሮንዳ የምትባል ልጅ ወደ ኦዴል መጥታ ሙሉ ከሰዓት ስታለቅስ ዋለች። በጥር የሞተው የጃቮን ፕሩዊት እጮኛ ነበረች፤ ጃቮንን ደግሞ ኦዴል እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። ኧርነስቲን የሮንዳን ቁጥር ተቀብላ ደወለች። ሩብ ሰዓት ያህል አዳመጠች እንጂ ብዙ አልተናገረችም።

*

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱም ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወጥ ቤቷ የጠበሰችው ዓሣና የበቆሎ ዳቦ ቀርቦ ማንም አልነካውም። ሸሪፉ በሩ ላይ ቆመ።

«ኦዴል በበሽታው አልሞተም» አለች ኧርነስቲን። «ሰውነቱ የማይቀበለውን ክኒን ከራሱ ክኒን ጋር ቀላቅሎ ያበላው ሰው አለ። ያ ክኒን እንደሚገድለው አራታችሁም ታውቃላችሁ፤ ካርዱን አሳይቷችኋልና።»

«ቢጫው ያለው እኔ ጋ ነው» አለ ሎኒ። «ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ፤ እኔን ከሆነ እኔን በይኝ።»

«አንተ አይደለህም። ሣጥኑን የሞላው ሰው ለስላሳዎቹን እንክብሎች ለሰባቱም ቀን ከትቷቸው ተጣብቀዋል። ይህን አንተ አታደርገውም፤ ማርሴላም አታደርገውም። ገዳዩ እናንተን መስሎ መሥራት ፈልጓል፤ ግን እጁ የለመደው ሥራ አልነበረም።»

ፓስተሩ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ እኔና ሃርላን ቀረን ማለት ነው። ቦርሳው ደግሞ የእኔ ነው።»

«ቦርሳው የእርስዎ ነው። ግን የዚያን ሣጥን ክዳን እኔ ራሴ የከፈትኩት በጥፍሬ ታግዬ ነው። በእርስዎ እጅ ሰባት ክፍል ተከፍቶ፣ ተሞልቶ፣ ተዘግቶ አንድ ክኒን ሳይፈስ አይቀርም።» ዝርዝሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሃርላን፣ ክኒን ከክኒን አልለይም ብለኸኝ ነበር። ስም ያልተጻፈባቸውን እነዚህን ከረጢቶች በምን ለየሃቸው?»

«ከመጽሐፍ… ሥዕል አይቼ ነው።»

«ታዲያ ቅድም ለምን አልለይም አልከኝ?»

ሃርላን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ሎኒ፣ ኦዴል ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ ጠይቀኸው ነበር» ስትል ቀጠለች። «ረቡዕ ዕለት አንዲት ልጅ መጥታ አንድ ነገር ነገረችው። እጮኛዋ ጃቮን በዓሣ ፋብሪካው ይሠራ ነበር። ቫይረሱ እንዳለበት ከክሊኒኩ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ለእሷ ግን ነግሯታል፤ እያወቀች ልታገባው ተስማምታለች። አንድ ቀን አባቷ የጃቮንን ነገር ሰምቶ መጣ። በሳምንቱ ፋብሪካው ሰማ፤ በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ከሥራ ወጣ። ክሊኒኩ በር ላይ እንዳይታይ ብሎ መድኃኒቱን ተወ፤ በጥር ሞተ። አባትየው ማን እንደነገረው ልጅቱ ያወቀችው በቅርቡ ነው። ሙሉ ስሟ ሮንዳ ቬስት ይባላል። የሃርላን የወንድም ልጅ ናት።»

ማርሴላ ወንበሯን ከሃርላን አራቀች።

«ለወንድሜ ብቻ ነው የነገርኩት» አለ ሃርላን በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ። «ስሙን ክሊኒኩ ለቆጠራ በላከልኝ ዝርዝር ላይ ሳየው ልጅቷ ታሰበችኝ። ለማንም አትንገር ብዬዋለሁ።»

«ኦዴልስ?»

«ዓርብ እንደመጣ ጎጆው ድረስ ጠራኝ። ‹እሁድ ከድምፅ መስጠቱ በፊት ራስህ ተነሥተህ ተናገር፤ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ማረኝ ብዬ አለቀስኩ። ይቅር ብሎ አቀፈኝ፤ እሁድ መናገሩን ግን አልተወልኝም። ማርሴላ ስለዘገየች ሣጥኑን ሙላልኝ ብሎ የሰጠኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ታርቆህ ማለት ነው» አሉ ፓስተሩ።

«አዎ።» ሃርላን ወደ ኧርነስቲን ዞረ። «ይታመማል፣ ሐኪም ቤት ይገባል፣ እሁድ ያልፋል ብዬ ነበር። ይሞታል ብዬ አልነበረም።»

«እንዲድን የሚፈልግ ሰው ለሐኪም የሚታየውን ካርድ አይደብቅም። የት አደረግከው?»

ሃርላን ከደረት ኪሱ ትንሽ የታጠፈ ካርድ አውጥቶ ዓሣው አጠገብ አኖረው።

«መጣል አቃተኝ» አለ። «የታማሚ ስም ያለበት ወረቀት መቆራረጫ ማሽን ውስጥ ካልገባ አይጣልም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

ሎኒ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሸሪፉ መጥቶ ሃርላንን ክንዱን ይዞ አስነሣው፤ ሃርላን ወረቀቶቹን ለማስተካከል እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ተዋቸውና ሄደ።

የመኪናው ድምፅ ራቀ። ኧርነስቲን ካርዱን በፖስታ ስታሽግ ማርሴላ ቀድማ አፏን ከፈተች።

«ሃርላን እጅ የገባ ስም ከሁለት ሺህ ይበልጣል። ሰዎቹ ማወቅ አለባቸው። ነገ በራዲዮ ከሚሰሙት ከእኛ ይስሙት።»

«ደብዳቤ እንላክ?» አሉ ፓስተሩ።

«ደብዳቤ አይሆንም» አለ ሎኒ። «የእኛ ኮሚቴ ማኅተም ያለበት ፖስታ በገጠር የፖስታ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ፖስተኛው ራሱ ያነበዋል፤ መክፈት እንኳ አያስፈልገውም። ሁለተኛ ጃቮን ማድረግ ነው።»

«እንግዲያው በአካል ነዋ» አለች ማርሴላ። «ወደየክሊኒኩ ሄደን ለየነርሷ እንነግራታለን፤ እሷ ታካሚዎቿ ሲመጡ ለየብቻ ትንገራቸው። ስም ማንም አይጽፍም።»

የዕቅዱን ረቂቅ ገፍታ የግዛቲቱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አውራጃዎቹን እየጠራች ተከፋፈሉ። ፓስተሩ ወንዙን ተከትለው ያሉትን ስድስቱን ወሰዱ፤ የሚነዳቸው ሰው አያጡም። ማርሴላ የምሥራቁን ወሰደች። በስተሰሜን ጫፍ አንድ አውራጃ ቀረች፤ ማርሴላ ስሟን ሳትጠራ በጣቷ አለፈቻት።

«አትዝለያት» አለ ሎኒ። «እኔ እሄዳለሁ።»

«ሎኒ፣ አንተ እኮ እዚያ—»

«አሥራ አንድ ዓመት አልረገጥኳትም። አውቃለሁ። ስንት ሰው አለ እዚያ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ» አለ፤ ለራሱ ደገመው። «እኔ እዚያ ሳድግ ብቻዬን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።»

ወንበር ስቦ ካርታው አጠገብ ተቀመጠና፣ ከየትኛው መንገድ ድልድዩ ክፍት እንደሆነ ማርሴላን ይጠይቃት ጀመር።