አርባ አንደኛዋ ነጥብ

በረዶው የሸለቆው አፋፍ ላይ ያዛቸው። የመሬት ቀያሹ ታላቅ እህት የበቅሎዋን ልጓም ጨብጣ ቋጥኝ ስር ተጠጋች፤ እሱም ካርታውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተከተላት። ጉድጓድ ቆፋሪው ባሏ የዚህኑ ካርታ ቅጂ ይዞ ውሃ ፍለጋ ከወረደ አራት ቀኑ ነው፤ አልተመለሰም።

«ደግነቱ ካርታህን ይዟል» አለች ፀጉሯ ላይ ያረፈውን በረዶ እያራገፈች። «ያለሱ ቢሆንማ አብጄልህ ነበር።»

ካርታውን ሲሠራ ቀያሹ በሸለቆው እዚህም እዚያም አርባ ነጥብ ለክቷል። አርባ አንደኛዋ ጋ ለመሄድ ግን ሰነፈ፤ ከድንኳኑ ሳይወጣ ከፍታዋን በግምት ጻፈ። ማን ያየኛል ብሎ! በነጥቦቹ መሃል ያለውን ያልተለካ መሬት የሚሞላው ስሌት ደግሞ የሰጡትን ሁሉ ያምናል። የሚስለው መሬት በእያንዳንዷ ነጥብ ከፍታ ላይ ሳይስት ያልፋል፤ እያንዳንዷም የዙሪያዋን ከፍታ ወደ ራሷ ትስባለች፣ ቅርቡን አብዝታ፣ ሩቁን አሳንሳ። አንዲት ውሸት ከሸለቆው ወንዝ ማዶ ያለውን ገደል በሙሉ ለስላሳ ቁልቁለት አስመሰለችው።

በረዶው ሲያባራ ወረዱ። ወንዙ ሞልቷል። በቅሎዋን እየሳቡ እስከ ወገባቸው ገብተው መሃል ሲደርሱ፣ ግንድ የመሰላቸው ነገር ወደነሱ ዞረ።

«አዞ! ፍጠን!» ብላ ጮኸች እህቱ።

ቀያሹ የመለኪያ ዘንጉን አፉ ውስጥ ሰነቀረበት። አዞው ዘንጉን ሰባብሮ እስኪተፋ ድረስ ተሻግረው አሸዋው ላይ ተዘረሩ። ቢበላኝ ኖሮ ሳልናገር እገላገል ነበር ብሎ አሰበ ቀያሹ፤ በሐሳቡም አፈረ።

ካርታው ቁልቁለት ብሎ ባሳየበት ቦታ መሬቱ ተቆርጦ ቀረ። ከታች ጠባብ እርከን ላይ ቆፋሪው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። በሕይወት አለ! ቀያሹ ገመድ ከበቅሎዋ ኮርቻ ጋር አስሮ ወረደ።

የቆፋሪው ከንፈር ተሰነጣጥቋል፣ እግሩም አብጧል። ውሃ አጠጣው።

«አስቸገርኳችሁ፣ ወንድሜ። ካርታህን በደንብ ሳላነብ ቀርቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዝም ማለት ይችል ነበር። 

«የለም፣ ጋሼ። የዋሸህ ካርታው ነው። እዚህ እግሬም አልረገጠም፤ ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት።» እላይ ያለችው እህቱ እንድትሰማ ጮክ ብሎ ነበር የተናገረው።

ቆፋሪው ፊቱን አዞረ። 

«እሱን እሰርልኝ» አለች እህቱ ከላይ።

ወገቡን በገመዱ አሰረው። በቅሎዋ ጎተተች፤ ቆፋሪው እያቃሰተ ወጣ። ቀያሹ እርከኑ ላይ ብቻውን ቀረ። አውጡኝ ብሎ አልተጣራም፤ በምን አፉ! ገመዱ ተመልሶ የወረደው በጣም ዘግይቶ ነው።

አፋፉ ላይ ሲደርስ እህቱ የባሏን እግር በነጠላዋ እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አላየችውም።

«ካርታውን ሌላ ለማን ሰጥተሃል?»

«ለሦስት ሰው።»

«በቅሎዋን ለሱ ተውለት። በእግርህ ሂድና ንገራቸው።»