ሁለተኛዋ ተሳፋሪ

የምስራች የምትባለው ልጅ የተለበደ መጽሐፍ ብብቷ ሥር ይዛ መናኸሪያው ውስጥ ወደቆመው ሚኒባስ አመራች። ሶስና ከባጃጁ ውስጥ ሆና ታያታለች።

ስልኳ ነዘረ።

«ኮሶ?»

«አለሁ፣ ግራር። ልጅቷ እየተሳፈረች ነው።»

«ሹፌሩ የላኪውን ስም ሳይጠራ እንዳትነኪው።»

ግራር የፖሊስ አለቃዋ የሚስጥር ስም ነው፤ ኮሶ ደግሞ የእሷ። ሶስናም እውነተኛ ስሟ አይደለም። እንጅባራ ካለው የሥነ ልቦና ማኅበር ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚዋሱ ሴት ልጆች ወደ ድንበር እየተወሰዱ ሲጠፉ፣ በጎ ፈቃደኛ መስላ የገባችው ላኪውን ለማግኘት ነበር። መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ለበደች፤ መደርደሪያ ወለወለች። ቤቱ ደንብ አለው። መጽሐፍ የመለሰ ሰው ቁጭ ብሎ ልቡን የነካውን ይናገራል። ማልቀስ ያማረው ያለቅሳል። የሚያዳምጠው ብዙ ጊዜ ካሳው ነው።

ካሳው ማኅበሩን ያቋቋመ ሰው ነው። አንድ ቀን ሶስናም ፊቱ ተቀመጠችና የእናቷን ሞት፣ ብቻዋን መቅረቷን ነገረችው። የተሰጣት የውሸት ታሪክ አልነበረም፤ የራሷ እውነት ነበር። ወደደችው። ዛሬ ጥሊሊ ወስዶ ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቃት፣ መጽሐፏን ይዛ እዚሁ መናኸሪያ እንድትጠብቀው ቀጥሯታል። ሥራዋን ጨርሳ ልትሄድ ነው፤ አዲስ ጫማ ሁሉ አድርጋለች።

ስልኩን ሳትዘጋ ከባጃጁ ወርዳ፣ መጽሐፏን ይዛ ወደ ሚኒባሱ ተጠጋች።

ሹፌሩ የያዘችውን መጽሐፍ አይቶ ፈገግ አለ።

«ነይ ግቢ። ሶስና አይደለሽ?»

ደነገጠች።

«ስሜን ማን ነገረህ?»

«ካሳው ነዋ! ሁለት ናቸው፣ የተለበደ መጽሐፍ ይይዛሉ ብሎኛል። ኧረ ግቢ፣ መሸብን!»

«እሱስ አይመጣም?»

«እሱ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ሁለቱም ፈላጊ የላቸውም ብሎኝ የለ?»

ፈላጊ የላቸውም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ሲጥል እንዲህ እንደሚያም ግን አታውቅም ነበር። ከሹፌሩ ፈንጠር ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ሰምቻለሁ፣» አለ ግራር። «ካሳው የት ነው?»

ዝም ብትል ያመልጣል። አሁንም ትወደዋለች፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። በመስኮቱ የምስራችን አየቻት። መጽሐፏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሚኒባሱ እስኪነሳ ትጠብቃለች።

«በዚህ ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። ያዙት።»

ሲቪል የለበሱ ሰዎች ሹፌሩን ከበቡት። ብዙም ሳይቆይ ካሳው ተያዘ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ታሸገ። የምስራች ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሶስናን ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነበር። አሁን ለማን ልናገር?»

«ለእኔ» ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ግን ትእዛዙ ዛሬውኑ ከከተማው እንድትወጣ ነው። የልጅቷን እጅ ከክንዷ ላይ ቀስ ብላ አነሳችና ሄደች።

በባሕር ዳር ሚኒባስ ውስጥ እንባዋ አልቆም አላት። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ዞር አሉ።

«ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?»

«እጮኛዬ፣ እናቴ።»

«እኔን! እግዜር ያጥናሽ።»

ነጠላቸውን አዘቀዘቁና፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቁ፣ እስከ ዳንግላ አብረዋት አለቀሱ።