በዳቦ የታሸገ አፍ

ጸዮንን የገደላት ሰው አንዴ መትቶ አልበቃውም። ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ በእናቷ ወጥ ቤት ወለል ላይ በጀርባዋ ተዘርራለች። ዘነዘናው ፀጉሯ ተጣብቆበት ምድጃው ሥር ወድቋል፤ ደሟ እስከ መደርደሪያው ድረስ ተረጭቷል። ከሁሉ የከፋው ግን አፏ ነበር። ጭብጥ የሚሞላ ድፎ ዳቦ ተጠቅጥቆበታል።

«እንዳትጮህ ነው» አለ ሐኪሙ። «ዳቦው ሲገባ ገና ትተነፍስ ነበር። ጥርሷ ተቆልፎበታል።»

መርማሪ ኤልፍነሽ ጎንበስ ብላ አየች። ጩኸት ለማፈን ፎጣ እጅ ላይ አለ። ሰው እየገደለ ዳቦ ፍለጋ ቁም ሳጥን የሚከፍት ምን ዓይነት ሰው ነው?

«ስለ ዳቦው ለማንም ትንፍሽ እንዳይባል» አለች።

አለቃዋ ግን ቸኩሏል። ዘነዘናው ላይ ሀኒ የምትባል ልጅ አሻራ ተገኘ፤ ሀኒ ደግሞ የት እንደነበረች አልናገርም አለች። የላቦራቶሪው ውጤት ገና ነው፤ እሱ ማታ ሊያስራት ወስኗል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የምትፈሰው የሰው ልጅ ናት።

ሀኒ የጸዮን ጓደኛ ናት፤ ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ክርኗ ላይ ሰማያዊ ቀለም ደርቋል።

«ዘነዘናውን ነክተሻል?»

«ትናንት ለጸዮን እማማ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬበታለሁ።»

«ዛሬስ የት ነበርሽ? ዝምታሽ እኮ እስር ቤት ያስገባሻል፣ ሀኒዬ።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ዳንፎርዝ ላይ ቤት ተከራይተናል፤ እኔና እሷ፣ ቱጌዘር። ብቻዬን ቀለም እየቀባሁ ነበር። ኮል አደረግኩላት፣ ፒክ አላደረገችም። ፕሊስ፣ ለእማማ እንዳትነግሪያት።»

«ተረት ተረት» አለቻት ኤልፍነሽ ድንገት።

«ዋት?»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ይዲድያ ነው፤ ለጸዮን መጽሐፍ ሥዕል የሚሥለው ልጅ። ጸዮን የድሮ ተረቶችን ገልብጣ በአዲስ መልክ ትጽፍ ነበር። በመጨረሻው ተረቷ በግንብ የተቆለፈችውን ልዕልት ነፃ የምታወጣት የአንጥረኛ ልጅ ናት። ሁለቱ ሴቶች ይዋደዳሉ፤ ግንቡን የቆለፈባትን የልዕልቷን ወንድም ጅቦች ይበሉታል። ቅዳሜ ብሉር ጎዳና ላይ ለሕዝብ ልታነበው ነበር።

«ጅቦችህ አያስፈሩም ብላ ሥዕሌን ቀደደችው» አለ ይዲድያ እያለቀሰ። «አፕሴት ነበርኩ። ግን ኦ ማይ ጋድ፣ አልገድላትም!»

«ተረት ተረት።»

«ለምንድን ነው ሁለት ጊዜ የምትይው?»

ሦስተኛው ታላቅ ወንድሟ ስምዖን ነው። እናቱ ስፖንሰር አድርገውት ከአዲስ አበባ ከመጣ ብዙም አልቆየም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በቸርች የወጣቶች መሪ ሆኗል። ሌባ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ነካህ?»

«ሥራ ላይ ቢላዋ ቆረጠኝ። ጌታ ይመስገን፣ ቀላል ነው።»

ደሙ በፋሻው ላይ ከላይም ከታችም ወጥቷል። ኤልፍነሽ አየችና ዓይኗን መለሰች።

«ተረት ተረት።»

ከንፈሩ ሊከፈት ብሎ ተገጠመ። «በዚህ ሰዓት ምን ቀልድ ነው፣ እህቴ?»

ለቅሶው ጎረቤት ቤት ነበር። እናትየዋ ወይዘሮ እታገኝ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጠዋል። ኤልፍነሽ ሦስቱንም አስጠርታ፣ አለቃዋን በር ላይ አቁማ፣ ከእሳቸው ፊት በርከክ አለች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ተረት ተረት።»

«የላም በረት» አሉ ሳያስቡት።

«ሲያልቅስ ምን ይባላል?»

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ምነው ልጄ? በቁስሌ ላይ?»

ኤልፍነሽ ተነሣች። «ጸዮን አፏ በዳቦ ተጠቅጥቆ ነው የተገኘችው።»

ቤቱ በእሪታ ተናጋ። እስኪበርድ ጠበቀች።

«ገዳዩ ‹ተረትሽ አለቀ› እያላት ነበር። ሀኒና ይዲድያ እዚህ ነው ያደጉት፤ ለእነሱ ዳቦ ምግብ ብቻ ነው። እማማ ሥራ ላይ እንደነበሩ ባልደረቦቻቸው መስክረዋል። ሀገር ቤት ላደገ ሰው ደግሞ ተረት ተረት ካሉት አፉ ራሱ ይመልሳል። በዚህ ሐዘን መሐል እንኳ እማማ መለሱ። ስምዖን ግን ዋጠው። ስለ ዳቦው ያልሰማ ሰው ተረት ለምን ያስፈራዋል?»

«ውሸት ነው!»

«ጣትህስ? ቢላዋ በአንድ ወገን ነው የሚቆርጠው። ከላይም ከታችም የሚበሳው ጥርስ ነው። እህትህ እየሞተች ነክሳሃለች። ፋሻውን ፍታው።»

አልፈታውም። ዘሎ ሀኒን ጉሮሮዋን አነቀ። «አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ ያበላሸሻት!» ግድግዳው ላይ ጭንቅላቷን አጋጨው። ኤልፍነሽ ክንዱን ጠምዝዛ በፊቱ ደፋችው፤ አፍንጫው ሲሰበር ተሰማ። ፋሻው ተፈቶ ጣቱ ላይ ግራና ቀኝ የጥርስ ረድፍ ታየ።

«አታንብቢው ብዬ ለመንኳት» አለ ደም እየተፋ። «ቸርች ሁሉ ሊሰማ ነው አልኳት። ሳቀችብኝ! ለጅብ የሰጠችው እኮ እኔን ነው!»

አለቃው እጁን አስሮ ሲያወጣው እናቱ ቀና ብለው አላዩትም።

ሀኒ አንገቷ ቀልቶ፣ እንደማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ወደ በሩ አመራች።

«አንቺ ልጅ» አሉ ወይዘሮ እታገኝ። «ጸዮን ማንሽ ነበረች?»

ሀኒ ወደ ኤልፍነሽ ዞረች። ኤልፍነሽ በዓይኗ ወደ እናትየዋ መለሰቻት፤ ይሄን ሌላ ሰው ሊመልሰው አይችልም።

«የምወዳት ነበረች፣ እማማ። አብረን ልንኖር ነበር።»

ሴትዮዋ ልጅቷ ክርን ላይ የደረቀውን ሰማያዊ ቀለም አዩ።

«እኔ ይሄ ነገር አይገባኝም» አሉ በመጨረሻ። «ነገ እጣላሽ ይሆናል። ዛሬ ግን ሁለት ልጆቼን አጥቼ ብቻዬን አላለቅስም።»

ፍራሹ ላይ ጠጋ አሉላት። ሀኒ ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጸዮን ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያኔ ነው።